የጎመንዘሩ ካስማዎች፦ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ

ቡራዩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ይህን ጉዞ በአንድ ቀን ልጨርሰው ያልኩት እኔው ስለሆንኩ ማንንም መውቀስ አልችልም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ብዙ ሰው ልወቅስ ነው፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሌሎችን ናሙና ስፈጭ፣ ሳጣራና ስመዝን ኖሬ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ የራሴ ናሙና ይኑረኝ ብዬ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ። ርዕሴ የጎመንዘር ዘር ቀለም ነው። ሲሰሙት የሚስቁ አሉ። የጎመንዘር ዘር ብዙውን ጊዜ ቡናማ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ ግን ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ልጣጩ ስስ ስለሆነ ዘይቱ ይበዛል፤ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎም ለከብት ይስማማል። ታዲያ ይህ ቢጫ ዘር ጠባዩ አይታመንም። ሞቅ ያለ ቦታ ቢጫ ሆኖ የታጨደው፣ ብርድ ቦታ ሲዘራ ይጠቁራል። ለምን እንደሚጠቁር ለማወቅ ነው ሁለት ክረምት ጭቃ ስረግጥ የከረምኩት።

ቀለሙ የሚዘጋጀው ዘሩ ገና አረንጓዴ እሸት ሳለ ነው። ተክሉ መጀመሪያ ልጣጩ ውስጥ ቀለም የሌለው ውህድ ይሠራል፤ ዘሩ ሲደርቅ ያ ውህድ እየቆየ ቡናማ ይሆናል። ውህዱን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይሞቹን «ተነሱ፣ ሥሩ» የሚሏቸው ደግሞ ሌሎች ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሦስቱ ካልተጣመሩ ሥራው አይጀመርም። እኔ ማየት የፈለግኩት ብርድ ሲመጣ ትእዛዙ ይጠነክር እንደሆነ ነው። ትእዛዙ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። እሸቱን ቆርጦ በዚያው ቅጽበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከትቶ በረዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራችን የሰጠኝ አንዲት ትንሽ የናይትሮጅን ጋን ናት፤ የምትሞላልኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ማሳዬን በአንድ ቀን መዞር ነበረብኝ፤ ሞቅ ያለውን ሰበታን፣ መካከለኛውን ቡራዩን፣ ብርዱ አጥንት የሚነካውን ሱሉልታን።

ወሩ ኅዳር ነው፤ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳበት ኅዳር። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ፕላን ሊያጠቃልሉ ነው ሲባል፣ መሬታችን ሊወሰድ ነው ያለ ሕዝብ መንገድ ላይ ወጥቷል። አንድ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ደግሞ ሲፈልግ ይሠራል። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር፣ «በዚህ የመንግሥት ሰሌዳ ሱሉልታ? ልጆች አሉኝ እኮ!» ብሎ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። አልፈረድኩበትም። ግን ተናደድኩ። ጋኔን ታቅፌ በታክሲ ለመሄድ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ማሳ ከተከራየሁበት ቤት ጓሮ ነው። አከራዬ አዴ ጫልቱ መሬቱን በነጻ የሰጡኝ፣ ስጠራቸው አቤት የሚሉኝ ደግ ሴት ናቸው። ጓሮ ስገባ ተክሎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። ፍሬው አለ፤ ቅጠል የሚባል ነገር ግን የለም።

«አዴ ጫልቱ! ቅጠሉን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ከኩሽና ብቅ ብለው። «ሊጠወልግ ነው ብዬ ትናንት ለእራት ሸመጠጥኩት። ደግሞ ይመራል፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። ምነው ሳይጠይቁኝ?»

«ጎመን አይደል? ጎመን እንዴት ይጠየቃል?»

ቅጠል የሌለው ተክል ለዘሩ የሚልከው ስኳር ይቀንሳል፤ ስኳር ሲቀንስ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። ይህን ለአዴ ጫልቱ ማስረዳት ጀመርኩና በመሃል ተውኩት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ቅጠሉ ተበልቷል» ብዬ ጻፍኩ። አበባው የፈነዳ ዕለት ቀይ ክር ያሰርኩባቸውን ፍሬዎች መርጬ ቆረጥኩ፣ በትንንሽ ቱቦ አድርጌ ናይትሮጅኑ ውስጥ ጨመርኩ። ጋኗ ተንጫጫችና ነጭ ጢስ ተፋች። አዴ ጫልቱ አማተቡ።

ሰበታ፣ አራት ሰዓት

ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ። ሲጻፍ አንድ መስመር ነው። ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ያገኘሁት ታክሲ ረዳት ጋኗን አይቶ፣ «እናት፣ ለሲሊንደሩም ትከፍያለሽ» አለኝ። ከፈልኩ። የናይትሮጅን ጋን ክዳኑ አይጠብቅም፤ መተንፈስ አለበት፤ አለዚያ ይፈነዳል። ዓለም ገና ግድም መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጋኗ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይጨሳል! እናንተ፣ ይሄ ነገር ይጨሳል!» አለች አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

«ቅዝቃዜ ነው፣ አይዞሽ።»

«ቅዝቃዜ ይጨሳል እንዴ?»

ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። እኔም ወርጄ በሙሉ ታክሲ ተሳፋሪ ፊት ስለ ናይትሮጅን ትምህርት ሰጠሁ፤ አየር ውስጥ ያለ ነገር እንደሆነ፣ አሁን እነሱም እየሳቡት እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ነገር ይበልጥ አስደነገጣቸው። በመጨረሻ ከኋላ፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ብቻዬን እንድቀመጥ ተስማማን። ሰበታ እስክንገባ ማንም አላነጋገረኝም።

ሰበታ ሱቆቿ ተዘግተዋል። የሁለተኛው ማሳዬ ባለቤት ሐጂ ሸምሱ የዘይት መጭመቂያ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከመጭመቂያው ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት የሰጡኝ፣ ቢጫው ዘር የሚሻል ፋጉሎ እንደሚሰጥ ስለነገርኳቸው ነው። ማሽኑ ቆሟል። የጭነት መኪና መንገድ ስለማይደፍር፣ ለሱሉልታ የወተት ላም ባለቤቶች የሚሸጡት ፋጉሎ በጆንያ እስከ ጣሪያው ተከምሯል።

ዘበኛቸው ጋሽ ቦጋለ ገና ከበር በደስታ ተቀበለኝ። «እንኳን መጣሽ፣ ዶክተር! ማሳሽን አጽድቼ ነው የጠበቅኩሽ።»

ጓሮ ስንደርስ ጋሽ ቦጋለ ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ የብርቱካን ያህል የሆነ የቀይ ክር ኳስ አውጥቶ አሳየኝ።

«ማን እንዳሰረው እግዜር ይወቅ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህ ክፉ ጊዜ፣ ጓሮ ሙሉ ቀይ ክር ታስሮ ዝም ይባላል? መተት ነው። አንድ በአንድ ፈታሁት። ቅርንጫፍ እንዳልሰብር ብዬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ያ ክር የትኛው ፍሬ ስንት ቀኑ እንደሆነ የሚነግረኝ ብቸኛ ምልክት ነበር። በእያንዳንዱ አበባ ሥር ጎንበስ ብዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። መጮህ ፈለግኩ። ሽማግሌው ግን ክሩን እንዲህ አሳምሮ ጠቅልሎ፣ ምስጋና እየጠበቀ ሲያየኝ መጮህም አቃተኝ። ሐጂ ሸምሱ ከኋላዬ ቆመው ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አሉ። «'የዶክተሯን ማሳ ጠብቅ' ብዬ ነው የነገርኩት። ከምን እንደሚጠብቅ አልነገርኩትም።»

የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር። ቫኒሊን የተበጠበጠበት አሲድ በጠብታ ጠርሙስ ይዣለሁ። ከግንዱ ከታች ወደ ላይ ፍሬ እየቆረጥኩ፣ እሸቱን በመርፌ እየከፈትኩ፣ ዘሮቹን በሸክላ ሳህን ላይ ደርድሬ ጠብ ጠብ አደረግኩባቸው። ግቢው ኬክ ኬክ ሸተተ። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዱ ነጭ ዘር እየቀላ መጣ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። የቀላው ያ ስውር ውህድ ልጣጩ ውስጥ አለው፤ ያልቀላው ገና ነው ወይም የለውም። በዚህ ዕድሜያቸውን ገምቼ ናሙና ወሰድኩ። ግምት ነው። ግምት ብዬም ጻፍኩ።

ሐጂ ሸምሱ ሳህኑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። «ነጭ ነበር እኮ። የት ነበር ይሄ ቀይ?»

«እዚያው ነበር። ቀለም ሳይሆን ነው የሚቀመጠው።»

«ሱብሐነላህ» አሉ። ሻይና ትናንት የተጠበሰ ሳንቡሳ አስመጡልኝ። እየበላሁ ወደ ሱሉልታ እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ዛሬ ይቅርብሽ። ለጎመን ዘር ነፍስ አይሰጥም።»

«ሐጂ፣ ናይትሮጅኑ ከዛሬ አያልፍም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ቦጋለ የክሩን ኳስ «ለሌላ ሥራ ይሆንሻል» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

የሱሉልታ መንገድ፣ ስምንት ሰዓት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ አንድ ታክሲ ብቻ አገኘሁ፤ ዋጋው እጥፍ ነው። እንጦጦን ተሻግረን ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ወለል አለ። ቢጫ ገብስ፣ የታጨደ ሣር ክምር፣ መሃል ለመሃል ደግሞ ማንም ያልገባባቸው ጅምር ሕንፃዎችና በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት። ከተማው ሳንደርስ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ጎማ ተቃጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ሹፌሩ ሁላችንንም አውርዶ ዞረ። የተመለሰልኝ ሒሳብ የለም።

ጋኗን አቅፌ በእግሬ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ወጣቶች ከበቡኝ።

«ቁሚ! ምንድነው የያዝሽው?»

አፌን ከመክፈቴ አንዱ ጋኗን አየና ሳቀ። «ተዉአት፣ አዳቃይ ናት! የኮርማ ዘር ነው የያዘችው፤ ባለፈው የእኛን ላም ያዳቀሉት በእንዲህ ያለ ነው።»

ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ በናይትሮጅን ጋን የኮርማ ዘር ይዞ የሚዞር ባለሙያ ሁሉም ያውቃል። መንገዱ ተከፈተልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የለፋሁበትን ሙያ የሚያከብርልኝ ያጣሁበት ቀን፣ በሰው ሙያ ተከበርኩ። አላስተባበልኩም። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም፤ አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ ሮጣ ወጥታ «ላሜ ኮርማ ፈልጋለች፣ ቀኗ እንዳያልፍብኝ» ብላ ለመነችኝ። «ቀጠሮ አለኝ» ብዬ ተጣደፍኩ። እያፈርኩ።

ሱሉልታ፣ ከኦቦ ገመቹ ማሳ

ኦቦ ገመቹ ስልሳን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከዋናው መንገድ የግማሽ ሰዓት እግር መንገድ ያህል ገባ ይላል። ከሦስቱ ማሳዎች ዋናው የእሳቸው ነው፤ ብርዱ ያለው እዚህ ነውና። እንደደረስኩ ያየሁት አርባ መደብ ጎመንዘር ቆሞ፣ ፍሬው በብርዱ ወይን ጠጅ መስሎ ነው። እኔ የምፈልገው ቀለም! ቀጥሎ ያየሁት ግን ካስማዎቼን ነው። በየመደቡ ራስ ላይ የተከልኳቸው፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ በቀይ ቁጥር የተጻፈባቸው አርባ ካስማዎች፣ ስድስቱ ሲቀሩ ተነቅለው አጥር ሥር ተከምረዋል።

ኦቦ ገመቹ «አካም ጅርታ? እንኳን ደህና መጣሽ» እያሉ ከቤት ወጡ። ሰላምታቸውን እንኳ በቅጡ አልመለስኩም።

«ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ ምንድነው? ካስማዬን ማን ነቀለው? ምንም አይነካም ብለውኝ አልነበር? ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁት ጉድ የለም፤ ቅጠሉ ተበላ፣ ክሩ ተፈታ፣ አሁን ደግሞ እርስዎም...»

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ «ግቢ፣ ወተት ጠጪ» አሉ።

«ወተት አልፈልግም!»

ይህን ስል ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ ገብሳቸው ሄደ። እኔም ዞሬ አየሁ። ዙሪያው ያለው ገብስ ሁሉ ታጭዶ ተከምሯል። የእሳቸው ብቻ ቆሟል፤ ከመድረቅ አልፎ ዛላው ተሰብሮ መሬት ላይ እየረገፈ ነው።

«ለምን አልታጨደም?» አልኳቸው።

«ሰኞ የእኔ ተራ ነበር» አሉ። «ጠላ ጠምቀን፣ ዳቦ ጋግረን ጠበቅን። ለደቦ አንድ ሰው አልመጣም።»

«ለምን?»

ባለቤታቸው ናቸው ከበሩ ላይ ሆነው የመለሱልኝ። «ባንቺ እንጨት ነዋ፣ ልጄ። የነቀለውም ሰፈሩ ነው። ቀያሽ አስገብቶ መሬቱን አስለካ፣ ፈረመላቸው ተባለ። ሌላው 'ለፍቲ ኬኛ' እያለ፣ መሬታችን እያለ መንገድ ሲወጣ፣ ይሄ የእኛን ሸንሽኖ ሸጠ አሉት። እድርም ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው ኦቦ ገመቹን።

«ስልክ አይሠራም። ቢሠራስ? ትምህርትሽ ነው።»

አሁን የምጽፈው አያኮራኝም፤ ግን የጉዞ ማስታወሻ የሆነውን መጻፍ አለበት። ይህን ከሰማሁ በኋላ እንኳ መጀመሪያ ያደረግኩት ካስማቸው ካልተነቀለው ስድስት መደቦች እሸት መቁረጥ ነው። ናይትሮጅኑ እየተነነ ነበርና። ቱቦዎቹን ጨመርኩ። ከዚያ ነው «ጎረቤቶቹ የት ናቸው? ይውሰዱኝ» ያልኩት።

ከአጫጆቹ ዘንድ፣ አሥር ሰዓት

ከጉብታው ማዶ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች የሌላ ሰው ስንዴ ያጭዱ ነበር። እኛን ሲያዩ ዘፈናቸው ቆመ። ለኦቦ ገመቹ ሰላምታ የሰጠ የለም። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከአጠገባቸው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው መጣ፤ ለሚ ይባላል።

«ካስማውን የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጎመንዘር ነው። ለጥናት ነው።»

ለሚ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ለጥናት! እኔም ጋ የመጡት ለጥናት ነው ያሉኝ፣ ቃል በቃል። መጀመሪያ ካስማ መጣ። ቀጥሎ ወረቀት መጣ። ከዚያ ዶዘር። አሁን መሬቴ ላይ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ውስጥ አረም ይበቅላል። የወንድሜ ልጅ ይሄን ጮሆ ተናግሮ ታስሯል። አንቺ ደግሞ ለጥናት በይኝ።»

ቀኑን ሙሉ ይዤው የዋልኩት ንዴት ለቀቀኝ። ሳህኔንና ጠብታዬን አውጥቼ ነዶ ላይ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ካስቀረኋቸው ፍሬዎች ከፍቼ ነጫጭ ዘሮቹን አሳየኋቸው፤ አሲዱን ጠብ አደረግኩ። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ቀረቡ። ዘሮቹ ቀሉ።

«ደም መሰለ» አለች አንዲት አጫጅ።

«ቀለሙ ተደብቆ የተቀመጠ ነው» አልኩ። «ሲደርቅ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። ይህ ዘር ሰበታ ላይ ቢጫ ነው፤ እዚህ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ነው የማጠናው።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳህኑን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ማነው የሚያዘው? ዘሩ ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ። ልጣጩ የእናቲቱ ነው። ውስጡ የዘሩ የራሱ ቢሆንም የምታለብሰው እናቱ ናት። ብርድ ሲሰማት ጥቁሩን የምታለብሰው ይመስለኛል።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ዲግሪ?» አሉ ሽማግሌው፤ ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ለሚ ግን አልሳቀም። «ደብተሩንስ አሳዪን» አለ።

ደብተሬን ስሰጠው ውስጡ ምን እንዳለ ረስቼው ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። የኦቦ ገመቹ ማሳ ካርታ ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ አርባ ቦታ የተሸነሸነ፣ ርዝመቱና ስፋቱ በሜትር የተጻፈ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ቁጥር ያለው። በሰዎቹ ዓይን አየሁት። ከዚህ የበለጠ ማስተር ፕላን የሚመስል ነገር ተስሎ አያውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ ገጹን ብዙ አዩት። «እናምንሻለን» አሉ በመጨረሻ። «ዘሩን አይተናል። ነገር ግን ወረቀት እጅ ይቀያይራል። አንቺ ለጎመን ብለሽ የሣልሽው ነገ ቢሮ ውስጥ ለሌላ ይሆናል። ይሄ ወረቀት ከዚህ መውጣት የለበትም።»

ያ ወረቀት የትኛው ቁጥር የትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚናገር ብቸኛ ነገር ነው። ያለ እሱ ጋኔ ውስጥ ያሉት የሱሉልታ ቱቦዎች ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ቢጫ ይሁኑ ቡናማ የሚያውቅ የለም። ኮፒ አድርጊው ተብዬ ነገ፣ ነገ ስል ከረምኩ። ሁለት ክረምት! ከራሴ በቀር የምናደድበት ሰው አልነበረም።

ኦቦ ገመቹ እጄን ያዙኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትስጪ» አሉ። «የልፋትሽ ነው። ገብስ ለከርሞም ይዘራል።»

እሳቸው ይህን ባይሉ ኖሮ እከራከር ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ገጹን ከደብተሬ ገንጥዬ ለኦቦ ቶሎሳ ሰጠሁ። ኦቦ ቶሎሳ ለለሚ ሰጡት። ለሚ አራት ቦታ ቀደደው፤ ቁርጥራጩን ግን አልጣለውም፤ ኪሱ ከተተው። ማጭዱን አንስቶም ወደ ስንዴው ተመለሰ። የቀሩትን ስድስት ካስማዎች ሄጄ በእጄ ነቀልኩ።

ወደ ቡራዩ

መንገዱ ሲከፈት አንድ ወተት የጫነ ፒካፕ እስከ አዲሱ ገበያ አደረሰኝ። ከዚያ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ ከጨለመ በኋላ ቡራዩ ገባሁ። ጋኗን ስከፍት ናይትሮጅኑ ከታች አንድ ጣት ቀርቷል። የሰበታና የቡራዩ እሸቶች ደህና ናቸው። የሱሉልታዎቹም በረዶ እንደሆኑ ነው፤ ማን እንደሆኑ ግን አይናገሩም። አዴ ጫልቱ ምስር ወጥ አቀረቡልኝ። «የዛሬው ጎመን አይደለም» አሉ በሐፍረት። ጠዋት ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ጠየቅኩ።

ስልክ ተቋርጦ ሰንብቶ ሲሠራ ኦቦ ገመቹ ደወሉ። ገብሱ ታጭዷል፤ የረገፈው ረግፎ የቀረው ተነስቷል።

«ሁሉም መጡ?»

«ሁሉም ባይባልም። ኦቦ ቶሎሳ መጡ፣ ሴቶቹ መጡ።»

«ለሚስ?»

«ለሚ ራሱ አልመጣም። ለውቂያው ግን በሬዎቹን ልኳል።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ጠይቁኝ። ኦቦ ገመቹን አስፈቅጄ ነበር፤ ፈርመውልኛል፣ ወረቀቱ ፋይሌ ውስጥ አለ። ጎረቤቶቻቸውን ማስፈቀድ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። አንድ ሰው መሬቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ሲተከል፣ መልስ የሚጠየቀው እሱ ብቻ እንደሆነ አድርጌ ነው የቆጠርኩት። አሁን ዘር ከመዝራቴ በፊት ሰፈሩን ሰብስቤ አወያያለሁ። ማለቂያ የለውም፣ አሰልቺ ነው፣ ጥያቄው ብዙ ነው፤ አደርገዋለሁ።

አማካሪዬ የሱሉልታው ማሳ ለምን እንደጎደለ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንድገልጽ አዘዘኝ። «'በጸጥታ ችግር ምክንያት' ብለሽ እለፊው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው» አለኝ። እኔ የጻፍኩት፣ «ተመራማሪዋ ጎረቤቶቹን ሳታስፈቅድ ካስማ በመትከሏ» ብዬ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መለሰልኝ። ደግሜ ጻፍኩት።